አቧራ ሜዳ ላይ ኳስ ለሚጫወቱ፦ ከፊሽካው በፊትና ከጉዳቱ በኋላ

በደሴም በኮምቦልቻም የሰፈር ኳስ በአብዛኛው የሚጫወተው አቧራ ላይ ነው። ክረምት ላይ ሜዳው ይጨቀያል፤ ሲደርቅ ደግሞ የከብት ኮቴ የተወው ጉድጓድ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። እዚያ ላይ እግሩ የታጠፈ ልጅ «ዕድሉ ነው» ይባላል። ዕድሉ አይደለም። ብዙው ጉዳት ከጨዋታ በፊት በሚሠራ ሥራ ይቀንሳል፤ ከደረሰ በኋላም የሚያከፋው ብዙ ጊዜ አያያዙ ነው።

ከሜዳው እንነሳ። ሁለቱም ቡድኖች በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ በክንድ ያህል ተራርቀው፣ ከጎል እስከ ጎል ይራመዱ። የጠርሙስ ስባሪው፣ ሚስማሩና ሹሉ ድንጋይ ይለቀም፤ ጉድጓዱ በአፈር ተሞልቶ ይረገጥ። ድንጋይ የጎል ምልክት አይሁን፤ በረኛ ሲወረወር ጭንቅላቱ የሚያርፈው እዚያው ነው። አሸዋ የተሞላ የላስቲክ ጠርሙስ በቂ ነው። ከቦታ ቦታ የሚዞር የብረት ጎል ካለ ደግሞ የኋላ ብረቱ በችካል ይታሰር ወይም ከባድ የአሸዋ ጆንያ ይጫንበት። ልጆች አግዳሚው ላይ ሲንጠለጠሉ ጎሉ ወደፊት ይገለበጣል፤ በተለያዩ አገሮች በዚህ ምክንያት ልጆች ሞተዋል።

መጋጫ (የቅልጥም መከላከያ) ሳያደርጉ መግባት አይፈቀድም፤ ቀለበትና ሐብልም ይውለቅ። የጨዋታው ሕግ ራሱ የሚለው ይህንን ነው።

ማሟሟቂያውን ብዙ ቡድን ሁለት ዙር ሮጦና ጎል መትቶ ይጨርሰዋል። አይበቃም። ፊፋ ያዘጋጀው «11 ፕላስ» 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት የ20 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከኳስ በቀር የሚገዛ ዕቃ የለውም። 8 ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ በመጨረሻ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ የኖርዌይ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት፣ ይህን የሠሩት ላይ ጉዳት በሲሶ ያህል ቀንሶ አግኝቷል። ጥቅሙ የሚታየው ግን በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ሲሠራ ነው። ደሴ ላይ ጠዋት ብርዱ ስለሚጠና ሩጫው ትንሽ ይርዘም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ቡድን 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የደከመ ተጫዋች ደግሞ ኳሱ ላይ ዘግይቶ ስለሚደርስ እግር ይመታል። ቅያሪ ቶሎ አስገቡ።

ከውስጡ ሁለቱን ፈጽሞ አትዝለሉ። አንደኛው ለኋላ ጭን ነው። ተጫዋቹ ለስላሳ መሬት ላይ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቶቹን አጥብቆ ይይዝለታል። ከጉልበት እስከ ትከሻ ቀጥ ብሎ፣ ወገቡን ሳያጥፍ፣ በተቻለው ዝግታ ወደፊት ይወርዳል፤ መቆጣጠር ሲያቅተው በእጁ ያርፋል። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበቃዋል። በማግስቱ ጭን ስለሚያም ጨዋታ ሊደርስ ሲል አይጀመርም። ሁለተኛው ኳስ ይዞ በአንድ እግር 30 ሴኮንድ መቆም ነው፤ በየእግሩ ሁለት ጊዜ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጉድጓድ ሲረገጥ ቁርጭምጭሚት ቶሎ እንዲስተካከል የሚያስተምረው እሱ ነው።

ወለምታ ከደረሰ ተጫዋቹ ወዲያው ይውጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ላስቲክ ለ15 ደቂቃ ይያዝበት፣ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም፤ በፋሻ ይጠቅለል፣ እግሩ ከደረቱ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሙቅ ውሃና መታሸት ይቅሩ፤ እብጠቱን ያብሱታል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ከኋላ በኩል በጣት ሲጫኑት ካመመው፣ ራጅ ይነሳ።

ወጌሻ ዘንድ መሄድ የኖረ ልማድ ነው፤ ብዙዎቹም የሚያክሙት በቅን ልብ ነው። አደጋው ራጅ ሳይታይ፣ እግሩ እያበጠ፣ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነው። ደም ይቋረጣል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከበረታ እስሩ በዚያው ደቂቃ ይፈታና ሆስፒታል ይኬድ፤ በዚህ መዘግየት እግራቸውን ያጡ ወጣቶች አሉ።

ከብት በሚውልበት ሜዳ ላይ የተላጠ ጉልበት በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ ያለፈበት ልጅ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያስመለሰው ወይም ውጤቱን የረሳ ተጫዋች «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን አይመለስም። ክረምት ላይ መብረቅ በርቶ ነጎድጓዱ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ከተሰማ ሁሉም ወደ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግባ፤ ዛፍ ሥር ግን አይጠለል። ጨዋታው የሚቀጥለው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሲያልፍ ነው።