የአባቴ የካርቦን ደረሰኝ

ባለፈው ዓመት እናቴ ታማ ስለነበር ከሚኒያፖሊስ ወደ ጅማ መጥቼ 6 ሳምንት አብሬያት ቆየሁ። የሥራ ፈቃድ ያገኘሁት ለ2 ሳምንት ብቻ በመሆኑ የቀሩትን 4 ሳምንታት ሂርማታ መርካቶ አጠገብ ካለው የወላጆቼ ቤት ሆኜ ሥራዬን እየሠራሁ አሳለፍኩ። የሶፍትዌር አማካሪ ነኝ፤ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው ሰነድ የሚለዋወጡበትን፣ አብረው የሚጽፉበትንና ኮድ የሚሠሩበትን መሣሪያ ሲቀይሩ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የማሻገሩን ሥራ ከ25 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ይሻላችኋል ብዬ ለደንበኞቼ የመከርኳቸውን መሣሪያዎች ግን እናቴ ሳሎን ተቀምጬ ሞክሬያቸው አላውቅም ነበር።

በወቅቱ የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት 9 ሰዓት ነበር። ሚኒያፖሊስ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆኖ የሥራ ባልደረቦቼ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ጅማ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል፤ በሰፈራችን መብራት የሚሄደውም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ነበር። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞር እርሱም ይደክማል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የንድፍ ሰነድ፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ በሚሠራ መሣሪያ፣ 2 ሰዓት ያህል ጻፍኩ። ለካ ኔትወርኩ መሃል ላይ ተቋርጦ ኖሯል፤ ገጹ ግን የምጽፈውን ሁሉ እየተቀበለ ያሳየኝ ነበር። ኔትወርኩ ተመልሶ ገጹ ራሱን ሲያድስ የቀረልኝ መግቢያውና የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ብቻ ነበር። ከዚህ ይበልጥ ያሳዘነኝ ደግሞ የአለቃዬ አጭር መልእክት ነው። በመልእክት መለዋወጫው ላይ ከስሜ ጎን ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ግራጫ ሆና ስላያት «ዛሬ ሥራ ላይ ነህ?» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ሻማ አብርቼ እየሠራሁ ሳለ እንደሌለሁ የምትመሰክርብኝ ያቺ ነጥብ ነበረች።

እናቴ «ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። እንደምንም አስረዳኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «አባትህ እኮ መንገድ ሲዘጋም ይሠራ ነበር» አለች።

አባቴ በአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን የሒሳብ ጸሐፊ ነበር። ከሊሙ፣ ከአጋሮና ከሰቃ የሚመጣው ጀንፈል በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ልክ፣ ሲመዘን ደረሰኙን የሚቆርጠው እርሱ ነው። በቅጠሎቹ መሃል ሰማያዊ ካርቦን አስገብቶ ብዕሩን ጫን አድርጎ ይጽፋል፤ የመጀመሪያው ቅጠል ለአቅራቢው ይሰጣል፣ ሁለተኛው በአውቶቡስ ሾፌር እጅ አዲስ አበባ ወዳለው ዋና ቢሮ ይላካል፣ ሦስተኛው ከጥራዙ አይገነጠልም። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በክረምት የግቤ በረሃ መንገድ ሲበላሽ አውቶቡሱ ለቀናት የማይመጣበት ጊዜ ነበር። ጥራዙ አባቴ እጅ ላይ ስለሆነ ግን ሚዛኑ አይቆምም። መንገዱ ሲከፈት የሁለቱ ቦታ መዝገብ ይመሳከራል። ቁጥሩ ያልተስማማ እንደሆነ አባቴ አንዱን ሰርዞ ሌላውን አያጸድቅም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፎ ጸሐፊዎቹ እስኪነጋገሩ ድረስ እንዳለ ያቆየዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሚኒያፖሊስ ውስጥ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ቢሮ ሎተስ ኖትስን ሳውቀው ይህንኑ የአባቴን አሠራር ነው ያገኘሁት። ሎተስ ኖትስ በ1989 ለገበያ የወጣ፣ ኢሜይልን፣ የጋራ ሰነዶችንና የቢሮ ሥራ ፕሮግራሞችን አንድ ላይ የያዘ ሶፍትዌር ነው፤ ሬይ ኦዚና ባልደረቦቹ መነሻ ሐሳቡን ያገኙት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ከነበረው የጋራ ማስታወሻ ነው። የተሠራው በስልክ ሞደም ተደውሎ በሚገናኙበት ዘመን በመሆኑ ሠራተኛው የዳታቤዙን ቅጂ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ይዞ መሄድ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ያለ ግንኙነት ሠርቶ ማታ ሞደሙ ከሰርቨሩ፣ ማለትም ከዋናው የጋራ ኮምፒዩተር፣ ጋር ሲያገናኘው፣ ሬፕሊኬሽን በሚባለው ሂደት የራሱን አዲስ ነገር ይሰጣል፣ የሌሎቹን ይቀበላል። ሁለት ሰዎች አንድን ሰነድ በየፊናቸው ለውጠውት ከተገኘም ፕሮግራሙ የአንዳቸውን ሥራ አያጠፋም፤ አንዱን ዋና አድርጎ ሌላውን የግጭት ምልክት ሰጥቶት ከሥሩ ያስቀምጠዋል፣ ፍርዱንም ለሰው ይተዋል።

አይቢኤም ሎተስን በ1995 በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር። በ2001 ማይክሮሶፍት ሼርፖይንት የተባለውን የጋራ ሰነድ ማስቀመጫ ሲያወጣና ኢንተርኔቱም እየፈጠነ ሲሄድ ደንበኞቼ ተራ በተራ ኖትስን መተው ጀመሩ፤ ከ10 ዓመት በላይ እንጀራዬ ከኖትስ ወደ ሼርፖይንት ማዛወር ሆነ። ሥራው ከውጭ ሲታይ ፋይል እንደመገልበጥ ይመስላል፤ አይደለም። ኖትስ ውስጥ እያንዳንዱ ሰነድ የራሱን መስኮች፣ ማለትም እንደ ስምና ቀን ያሉ መሙያ ቦታዎች፣ ይዞ ይኖራል፤ አንዱ ውል ላይ ያለ መስክ ቀጥሎ ባለው ላይ ላይኖር ይችላል፣ ማን ሊያነበው እንደተፈቀደለትም እዚያው ሰነዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሼርፖይንት ግን ዓምዶቹ አስቀድመው የተወሰኑ ዝርዝር ይፈልጋል፤ ፈቃዱም በአብዛኛው ከላይ ወደታች የሚወርድ ነው። አንድ ሰው ከ8 ዓመት በፊት በራሱ ፍላጎት የጨመራትን መስክ ዓምድ ልፈልግላት ሌሊቱ የነጋብኝ ጊዜ ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ ለደንበኞች የማቀርበው የንጽጽር ሠንጠረዥ ላይ «ያለ ግንኙነት መሥራት» የሚል አንድ ረድፍ ነበረ። ስለ እርሱ የሚጠይቀኝ ሰው ስለጠፋ አንድ ቀን ረድፉን ራሴ ሰረዝኩት። አሁን ሳስበው በጣም ይቆጨኛል።

በኮድ ሥራ በኩል ነገሩ በተቃራኒው ነው የሄደው። ቀድሞ እንደ ቪዥዋል ሶርስሴፍ ባሉት መሣሪያዎች ፋይሉን የወሰደ ሰው ቆልፎት ይሠራ ስለነበር ሌላው እስኪመልሰው ይጠብቃል። እነ ሰብቨርዥን ይህን መጠባበቅ ቢያቃልሉም የኮዱ ታሪክ አሁንም የተቀመጠው በአንድ ሰርቨር ላይ ነበር። በ2005 የሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ሠሪዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ መሣሪያ የነጻ አገልግሎቱ ሲቋረጥባቸው የሊነክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በምትኩ ጊትን ጻፈ፤ በጊት እያንዳንዱ ሠሪ የፕሮጀክቱን ታሪክ ሙሉ ቅጂ በላፕቶፑ ይይዛል። ኮሚት ለማድረግ፣ ማለትም ለውጡን በታሪኩ ላይ ለመመዝገብ፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከሌሎች ጋር ለመለዋወጥ፣ ማለትም ፑሽና ፑል ለማድረግ ነው። ሁለት ሰዎች አንዱን ቦታ ለውጠው ሲገናኙም የሁለቱንም ጽሑፍ አንዱን ከሌላው በታች አስቀምጦ ምረጡ ይላል፤ ሁለቱን የማዋሃዱ ሥራ መርጅ ይባላል። ስለዚህ ኮድ ጸሐፊው ያገኘውን ቅጂ ሰነድ ጸሐፊው አጣው ማለት ነው። በ2017 ቲምስ የተባለው የማይክሮሶፍት መልእክት መለዋወጫ ከወጣ፣ በ2020 ደግሞ ወረርሽኙ ሁላችንንም ቤት ካስገባን በኋላ ምክክሩም ውሳኔውም በየመልእክት መለዋወጫው ገባ። ዛሬ ፋይሉን ላፕቶፕ ላይ የሚያስቀምጡ መሣሪያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንድ ነገር ለምን እንደተወሰነ የሚያስረዳው ውይይት ግን ብዙውን ጊዜ ከሰርቨሩ አይወጣም።

በሁለተኛው የሥራ ሳምንቴ ለቡድናችን ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፍኩ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነበር። የንድፍ ሰነዶቻችን በማርክዳውን፣ ማለትም በተራ ጽሑፍ፣ ተጽፈው ከኮዱ ጋር እዚያው ጊት ውስጥ እንዲቀመጡ፤ እንዲሁም በስብሰባም ሆነ በመልእክት የተወሰነ ነገር ሁሉ ከነምክንያቱና ከነቀኑ በአጭሩ ተጽፎ እዚያው እንዲገባ ነው። ስለ አረንጓዴዋ ነጥብም ሳልደብቅ የተሰማኝን ጻፍኩ። አለቃዬ በማግስቱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀኝና ለአንድ ወር እንሞክረው አለ። ደብዳቤውን በጣም የደገፈችው በሰሜን ሚኒሶታ ገጠር የምትኖር ባልደረባችን ነበረች፤ እርሷም በረዶ በጣለ ቁጥር ግንኙነቷ ይቋረጥ እንደነበር፣ ለማንም ግን ተናግራ እንደማታውቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ እጽፋለሁ፣ ኮሚት አደርጋለሁ፤ ኔትወርኩ ሲመለስ፣ አንዳንዴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ የምሽቱን ሥራ በአንድ ጊዜ እልካለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተመርቆ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ፕሮግራም ይሠራል። አንድ ምሽት እናቴን ሊጠይቅ መጥቶ ቡና ሲጠጣ ይህንን ሁሉ ነገርኩት። «ጋሼ፣ እኛ እኮ በፍላሽ ነው የምንላላከው» አለኝና በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ጊት በንድል የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ኮሚቶችን ከነታሪካቸው በአንድ ፋይል ይጠቀልላል፣ ተቀባዩም ከሰርቨር እንደሚያመጣ ሁሉ ከፋይሉ ይስባቸዋል። ትእዛዙን አንብቤ አውቀው ነበር እንጂ አንድም ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም። ሦስቱ ልጆች በከተማው ሦስት ቦታ ስለሚኖሩ ዳታ ሲያልቅባቸው ፍላሹን ኪሳቸው ከትተው በእግር ይገናኛሉ። የደንበኞቼን ኮድ እንዲህ ማዞር ውሌ ስለማይፈቅድልኝ እኔ ለሥራዬ አላዋልኩትም። የእነርሱን ኮድ ግን በዚሁ መንገድ ተቀብዬ እያየሁ፣ አስተያየቴን ጽፌ በዚያው ፍላሽ እመልስላቸው ነበር።

ወደ ሚኒያፖሊስ ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ልጁ የመጨረሻውን ፍላሽ ሊወስድ መጣ። መብራት አልነበረም። እናቴ ከመኝታ ቤቷ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣችና እጄ ላይ አኖረችው፤ የአባቴ የደረሰኝ ጥራዝ ነበር፣ ሰማያዊው ደብዝዞ ወደ ግራጫ ሄዷል። በስልኬ መብራት ስገልጠው አንዱ ቅጠል ላይ «412 ፈረሱላ» እና «421 ፈረሱላ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው አየሁ። አንዳቸውም አልተሰረዙም። ከሥራቸው በሌላ ብዕር «421 ትክክል ነው፣ ተነጋግረናል» ተብሎ ቀኑና የሁለት ሰዎች ፊርማ ሰፍሯል፤ አንደኛው የአባቴ ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበውና «ጋሼ፣ ይኼ መርጅ ነው እኮ» አለ። እናቴ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ስለ ጊት ሳጫውታት ቆየሁ።