ጥላሁንን በስሙ መጥራት

እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ስልክ መነካካት ትታለች። ሙዚቃ ካልሰማች ግን ቡናው አይጥማትም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ሥራ ስሄድ ብቻዋን ስለምትውል፣ በድምፅ የሚታዘዝ ስፒከር ገዝቼ ሳሎን አስቀመጥኩላት።

ስፒከሩ አማርኛ አይሰማም። «ጥላሁን ገሠሠ» ስትለው የማናውቀውን ፈረንጅ ይከፍትላታል። የሰማውን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ከዚያ ጽሑፉን አገልግሎቱ ላይ ካሉት ስሞች ጋር ያመሳክራል። «ጥ» ገና እዚያ ሳይደርስ ይጠፋል። ቢደርስም የዘፋኞቻችን ስም በላቲን ፊደል ወጥ ሆኖ አልተጻፈም። ፈረንሳይ አገር የታተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ 17ኛው አልበም ጥላሁንን የሚጽፍበት መንገድ ሌሎች አልበሞች ላይ ከምናየው ይለያል። ዓለማየሁ እሸቴም እንዲሁ። በዚህ በጣም እበሳጫለሁ፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነው፣ እናቴም ጥላሁንን በገዛ ስሙ ጠርታ መስማት ይገባታል።

እስከዚያው እንዲህ አደረግን። የምትወዳቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ ፈልጌ ፕሌይሊስት ሠራሁ። ከዚያ ስፒከሩ አፕ ውስጥ ገብቼ «ይህን ቃል ስትሰማ ይህን ክፈት» ብዬ አዘዝኩት። ቃሉን የመረጠችው እሷ ናት፦ «ኮፊ»። አጭር ነው፣ እሷም ስፒከሩም አይስቱትም። ኮፊ ስትል ጥላሁን፣ ማሕሙድ፣ ብዙነሽ፣ አስቴር ተራ በተራ ይመጣሉ። የምትከፍሉበትን የሙዚቃ አገልግሎት ሴቲንግ ውስጥ ቀዳሚ አድርጋችሁ ምረጡ፤ አለዚያ ሌላ ቦታ ሄዶ ይፈልጋል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤታችን ዘፈን አይከፈትም። ቃሉን ሳልነካ ፕሌይሊስቱን ብቻ ለ55ቱ ቀን በመዝሙርና በበገና ተካሁት፤ አዲስ ቃል እንድትለምድ ማድከም አልፈለግኩም። የዓለሙ አጋ በገና ሲጀምር ማንከሽከሻውን ከምድጃው አንሥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች። ቡናው ይቆያል። ሲያበቃ ተነሥታ መቁላቷን ትቀጥላለች።

አሁን ደግሞ ቡና ሊጠጡ የሚመጡት ጎረቤታችን አባባ ለእሳቸውም እንድሠራላቸው ጠይቀውኛል። የሚፈልጉት ክራር ብቻ ነው፤ ከአስናቀች ወርቁ ጀምሬያለሁ። ቃላቸውን ገና አልመረጡም።