ሪዘርቭ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ከአባይ ማዶ ወደ ጊዮርጊስ በሚሄድ ታክሲ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ድልድዩን እንደተሻገርን ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ሊጠፋ ዳዳው። ሹፌሩ መርገም ጀመረ። እኔ ሳላስበው ግራ እጄ ወደ ግራ ጉልበቴ ሥር ወርዷል። እዚያ የሱሪዬ ጨርቅ እንጂ ምንም የለም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ "ምን ጠፋዎት አባባ?" አለችኝ። "ሪዘርቭ" ልላት ነበር። ተውኩት።

ያማሃ ዲቲ የሚባለውን ሞተር ሳይክል የነዳ ሰው ይገባዋል። ከሰርባቶዮው፣ ከነዳጅ ታንኩ ሥር፣ በግራ በኩል፣ አንዲት ትንሽ የነዳጅ ቧንቧ መዝጊያ አለች። ሦስት ቦታ አላት፤ አንዱ ዝግ፣ አንዱ ክፍት፣ አንዱ ሪዘርቭ፣ መጠባበቂያው ቤንዚን። ዋናው ቤንዚን ሲያልቅ ሞተሯ ታስላለች። ያኔ ሳትቆም፣ ዓይንህን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ ግራ እጅህን ሰደድ ታደርግና መዝጊያዋን ታዞራታለህ። አንዴ ዋጥ ታደርግና ትቀጥላለች። ሁለት ሦስት ሰከንድ የምትፈጅ ነገር ናት። ግን እጄ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አልረሳትም። የባለቤቴን የልደት ቀን ረስቼ አውቃለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በ1981 ዓ.ም. ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ቢቸና ተመደብኩ። ደብዳቤዬን ይዤ ስደርስ አንድ ቁልፍ ሰጡኝና "ያቺ ያንተ ናት" አሉኝ። ዲቲ 125። ነጭ ነበረች ይላሉ። እኔ ሳያት የዋልካ ቀለም ነበራት። በሕይወቴ ከብስክሌት በቀር የነዳሁት ነገር አልነበረም።

ከእኔ በፊት ይይዛት የነበረው ልጅ አንድ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳ ወስዶ አስተማረኝ። "ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ" አለኝ፤ ክላቹን ማለቱ ነው። እኔ ለቀቅኩት። ቀስ የሚለውን አልሰማሁም። ሞተሯ በኋላ እግሯ ቆመችና ከሥሬ ወጥታ ሄደች። እኔ ሁለት እግሬን ከፍቼ ባዶ አየር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። እሷ ሄዳ ጎል ውስጥ ገባች። የተሰበሰቡት ልጆች "ጎል!" ብለው ሜዳውን አናጉት። ለወራት የከተማው ልጅ ሁሉ ሲያየኝ "ጎል" ይለኝ ነበር።

ሰርባቶዮው ላይ የያማሃ ምልክት አለ፤ ክብ ውስጥ የተደራረቡ ሦስት ነገሮች። እኔ ለብዙ ጊዜ ሹካ ይመስለኝ ነበር። ጃፓኖች ሞተር ላይ ሹካ ምን አስለጠፋቸው እያልኩ እገረም ነበር። በኋላ ነው ያወቅኩት። ሹካ አይደለም፤ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ማስተካከያ ብረት ነው። ቶራኩሱ ያማሃ የሚባለው ሰውዬ ሥራውን የጀመረው በ1887 እ.ኤ.አ. ሐማማትሱ ከተማ ውስጥ ኦርጋን በመሥራት ነው። ሞተር ሳይክል የመጣው ከስንት ዘመን በኋላ፣ በ1955። የሚገርመው ሆንዳም፣ ሱዙኪም ትውልዳቸው ከዚያው አካባቢ መሆኑ ነው። ሱዙኪ መጀመሪያ የሸማኔ ዕቃ ነበር የሚሠራው። አንዱ ኦርጋን፣ አንዱ ሽመና። ለእኛ አገር ገደል ግን ማን እንደነሱ!

ሥራችን ክትባት ነበር። ዋናው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነው። ስሙ ደስታ፣ ግብሩ ግን በረት ባዶ ማድረግ። ክፉ ቀን የሚባለውን የምኒልክ ዘመን ረሃብ ያመጣው እሱ ነው፤ በሬውን ጨርሶ ማረሻውን ያስቀመጠው። ክትባቱ ከደብረ ዘይት ተሠርቶ ይመጣል። ደረቅ ዱቄት ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ብዙ አይቆይም። ፀሐይ አይወድም። ስለዚህ ከኋላዬ በላስቲክ የታሰረች የበረዶ ሳጥን፣ ከፊቴ ዋልካ፣ መሐል ላይ ሰዓት የሚያሯሩጠኝ እኔ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከከተማ እወጣለሁ።

ገበሬው ከሩቅ በድምፅ ያውቀኛል። ዲቲ ሁለት ምት ናት። ሆንዳ ኤክስ ኤል የሚባለው ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል እንደ ትልቅ ሰው "ድብ ድብ ድብ" ይላል። ዲቲ ግን እንደ ንብ ነው የምትጮኸው። ጭሷም ሰማያዊ ነው፤ ቤንዚን ከዘይት ጋር ስለምታቃጥል። ጋራው ላይ ስወጣ እረኞቹ ሰምተው ከብቱን ወደ መከተቢያው አጥር ማስገባት ይጀምራሉ። ስደርስ ግማሹ ገብቷል። ማይክሮፎን የለ፣ ስልክ የለ፣ ማርሚታዬ፣ የጭስ ማውጫዋ፣ ነበረች የምትለፍፍልኝ።

ሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ወዳጄ ኤክስ ኤል ነበረው። ማታ ማታ ሻይ ቤት ስንገናኝ ክርክር ነው። እሱ "ያንተዋ ዘይት ጠጪ ናት" ይለኛል። እኔ "ያንተ እስኪነሳ ይመሻል" እለዋለሁ። እውነቱን ልናገርና በነዳጅ ያሸንፈኛል። ቁልቁለትም ላይ ያሸንፈኛል፤ አራት ምት ሞተር ጋዝ ሲለቁት ራሱ ይይዛል፣ ዲቲ ግን ዝም ብላ ትንሸራተታለች። ደግሞ ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ፣ ታጠቁራለች። ከሸሚዝ ኪሴ ትርፍ ካንዴላና ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ተለይቶኝ አያውቅም። ግን ዳገት ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ ተሸክሞ ማሻገር ሲያስፈልግ ዲቲ ናት። የፊት የጭቃ መከላከያዋ ከጎማው ከፍ ያለ ነው። ዋልካ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዝቅ ያለ መከላከያ ያለው ሞተር መቶ ሜትር ሳይሄድ ጭቃው ተጠቅጥቆ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል።

ጳጉሜን 1982 ዓ.ም. ነው። ከቢቸና ወጣ ብሎ ያለ አንድ ወንዝ፣ ጠዋት ስሻገረው ጉልበት አይሞላም ነበር። ከሰዓት ስመለስ ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ደፍርሷል። ማደር ነበረብኝ። ወጣትነት መቼ ያሳድራል! ገባሁበት። መሐል ላይ የፊት ጎማዬ ድንጋይ መታና ሁለታችንም ጋደም አልን። ሞተሯ "ዋ…" ብላ ዝም አለች።

ይህን ጊዜ ትልቁ ስህተት ለማስነሳት ቶሎ ብሎ መርገጥ ነው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ውሃ ላይ ሲመጣ የሚታጠፈው ብረት ነው። እየጎተትኩ ዳር አወጣኋት። ጠዋት ከብቶቻቸውን የከተብኩላቸው ሽማግሌ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ሮጠው መጡ።

"ሞተች እንዴ ዶክተር?" አሉኝ። ዶክተር አልነበርኩም፤ ግን ማንም አያርምም።

"ውሃ ጠጥታ ነው አባባ።"

"ታዲያ እናስተፋታ!"

ቤንዚኑን ዘጋሁ። ካንዴላዋን ፈታሁ። አራት ሆነን ገለበጥናት፤ ጎማዎቿ ሰማይ አዩ። መርገጫውን በእጄ ቀስ እያልኩ ሳዞረው በካንዴላው ቀዳዳ ቡናማ ውሃ ፊቴ ላይ ተፋች። ደግሜ አዞርኩ። ሦስተኛው ላይ ጉም የመሰለ ነገር ወጣ፣ ከዚያ አየር ብቻ። የካርቡራቶሩን ሥር ብሎን ፈትቼ ያንንም አፈሰስኩ። ፊቷን ወደ ላይ አቁመን ደግሞ ከማርሚታው አንድ ጣሳ ያህል ውሃ ወረደ። ሽማግሌው ካንዴላዋን ከእጄ ወስደው በጋቢያቸው ጫፍ አበሷት። ጥርሷን አየት አደረጉና እፍ አሉባት። መልሼ ገጠምኳት።

ስንት ጊዜ እንደረገጥኩ አልቆጠርኩም። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ አንዴ "እጥሽ!" አለች። ሽማግሌው ፈጠን ብለው "ይማርሽ!" አሏት። ልጆቻቸው በሳቅ ወደቁ። በሚቀጥለው እርግጫ ተነሳች። ሜዳው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ።

የአባይ በረሃን ግን አልወደውም ነበር። ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ የወረድኩት ሁለት ጊዜ ነው። ከደጀን ጀምሮ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል። ጋዝ ዘግተህ ብዙ ከወረድክ ደግሞ ፒስተኑ ዘይት ያጥረዋል፤ የዘይት ፓምፗ ከጋዙ ጋር ነው የተያያዘች። ስለዚህ እየወረድክ በየመሐሉ ትንሽ ጋዝ ሰጥተህ ታጠጣታለህ። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነው። ዛሬ እዚያ ያለው አዲሱ ድልድይ በጃፓን እርዳታ የተሠራ ነው። ለእኔ ጃፓን አባይን የተሻገረችው ከዚያ አስቀድማ ነው።

ዲቲዬ በ1990ዎቹ አጋማሽ በጨረታ ተሸጠች። እኔ ያኔ ባሕር ዳር ተዛውሬያለሁ። ማን እንደገዛት አላውቅም። ደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ መጀመሪያ የታወሰኝ የዲቲዬ ጭስ ነው።

ባለፈው ጥር ለሠርግ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። የሙሽራው አጎት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች አንዲት ዲቲ አየሁ። የእኔ አይደለችም፤ የእሷ ቀለም ቀይ ነው። የገዛት ልጅ ግን "ጋሼ፣ ይሞክሯት" አለኝ። ባለቤቴ ከሩቅ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ሱፌን አውልቄ ሰጠኋት።

ከመርገጤ በፊት ሰርባቶዮው ሥር ዳበስኩ። መዝጊያዋ ሪዘርቭ ላይ ናት።

"ለምን ሪዘርቭ ላይ ታቆማታለህ?" አልኩት።

"እሱ ምንድነው ጋሼ? ስገዛትም እንደዚያው ነበር።"

ይኸው የዛሬ ልጅ! ወደ ቦታዋ መለስኳትና ረገጥኩ። በሁለተኛው ተነሳች። በሩን ወጣሁ። ወገቤ አመመኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። ሦስተኛ ማርሽ እንደገባሁ፣ ገና ከሰፈሩ ሳልወጣ፣ ሳል ሳል አላት።

ግራ እጄ ወረደ። እዚያው ነበረች።