ጣቴ ግሪንላንድ ላይ ሲቆም

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንደ ልማዴ ስልኬን አንስቼ ፌስቡክ ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ጉዳይ ጽፈዋል። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው፤ እኔም የምለው ያንኑ ነው። ላይክ፣ ላይክ፣ ላይክ። አራተኛው ላይ ስደርስ ሰለቸኝ። የገዛ ድምፄ የሰለቸኝ መሰለኝ።

ዘጋሁትና ሬዲዮ ጋርደን ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔዘርላንድ ውስጥ የተጀመረ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ የዓለም ሉል አለ፤ በጣት ይሽከረከራል። አረንጓዴዎቹ ነጥቦች ላይ ሲቆሙ እዚያ ቦታ በዚያች ደቂቃ የሚተላለፈው ሬዲዮ ይሰማል። ሉሉ ትናንት ምን ላይክ እንዳደረግሁ አይጠይቀኝም።

ጣቴ ግሪንላንድ ላይ ቆመ። ኑክ፣ ዋና ከተማዋ። አንዲት ሴት በካላሊሱት፣ በአገሬው ቋንቋ፣ ታወራለች። ቃሎቹ ረጃጅም ናቸው፤ አንዱ ሳያልቅ የኔ ትንፋሽ ያልቃል። ምንም አልገባኝም። ከዚያ አብሯት ያለው ሰው አንድ ነገር አላት። ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፣ አመለጣት። እኔም ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። በምን እንደሆነ እንጃ።

ትንሽ ቆይቶ ግን አፈርኩ። ስለ ግሪንላንድ የማውቀው በረዶውንና አሜሪካ ልትገዛት ፈለገች የሚለውን ወሬ ብቻ ነበር። ሁለቱንም የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ከ60,000 የማይሞላው የአገሩ ሰው ራሱ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ኢላይ ፓሪሰር እ.ኤ.አ. በ2011 «የማጣሪያ አረፋ» ያለው ይህንን ነው፤ ማሽኑ የምንወደውን እየመረጠ ያቀርብልናል፣ ሌላውን ሳናውቀው ያስቀርብናል። እውነት ነው። ግን ሁሉንም በማሽኑ ላይ ማላከክ አልችልም። ላዛርስፌልድና ሜርተን የተባሉት የሶሺዮሎጂ ሰዎች፣ ሰው መሰሉን ፈልጎ እንደሚወዳጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ጽፈውታል። ያኔ የምን ፌስቡክ!

ዛሬ ጠዋት የምከተላቸውን ሰዎች ዝርዝር አየሁ። ከመጀመሪያዎቹ 50 ውስጥ የኔን ቋንቋ የማይናገሩት 4 ናቸው። ሁለቱ ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። (እነሱም የሚለጥፉት የጫማ ማስታወቂያ ነው።)

ፈላልጌ አንድ የኑክ ሰው መከተል ጀመርኩ። በዴንማርክኛ ነው የሚጽፈው፤ የማነበው በማሽን ትርጉም ነው። ስለ በረዶ አንድም አልጻፈም። ስለ መግዛትና መሸጥም አልጻፈም። የዘገየ አውቶብስ አለ፣ የጎረቤት ውሻ አለ። የዛሬው ጽሑፉ ደግሞ «ጀልባዬ አኩርፋኛለች» ይላል። ሞተሩ እምቢ ብሎት ይሁን ሰውየው ሲቀልድ፣ ወይ ማሽኑ አበላሽቶት ይሁን ማወቅ አልቻልኩም።

«ጀልባዋ ምን ሆና ነው?» ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ከሰዓት በኋላ እንደገና ጻፍኩትና ላክሁት።