ሁለት ኢንች

መኪናዬ ከፍ ካለች ወዲህ ጎንደር ፒያሳ ላይ ሰላም የሚለኝ ሰው በዝቷል። ድሮ ዘግቶኝ ያልፍ የነበረ ጎረምሳ ሁሉ «አቦ፣ ይመችህ!» ይለኛል። ባጃጆች እንኳ ቦታ ይለቁልኛል። ጎንደሬ ግርማ ያለው ነገር ይወዳል፤ እኔም ጎንደሬ ነኝና ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሰው የሚያደንቀው ከፍታ ሌላ፣ እኔ ገንዘብ ያወጣሁበት ከፍታ ሌላ ነው። ሳልረሳው ልጻፈው።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ነው። እተክላለሁ፣ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ በብዛት ደንቢያ ውስጥ ናቸው፤ መገጭ ወንዝ ዳርና ከዚያ ወደ ጣና ዝቅ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ። በመስኖ ነጭ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ፓምፑ ሲቆምበት «ነገ እመጣለሁ» አይባልም። እስከ ቆላ ድባ ድረስ ችግር የለም። ከዋናው መንገድ ተገንጥለህ ወደ ማሳው ስትገባ ግን ዋልካ ነው። በክረምት አይሱዙና ትራክተር ይገቡበትና ሁለት ጥልቅ ቦይ ቆፍረው ይሄዳሉ። ዝናቡ ሲያቆም ቦዩ እንዳለ ይደርቃል። መሀሉ ላይ ጉብታ ይቀራል። የኔ ሃይሉክስ ጎማዎች ቦዩ ውስጥ ሲወርዱ፣ የኋላ ዲፍረንሻሏ (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ጉብታውን እንደ ማረሻ እየገመሰ ይሄዳል። ከሥር የሚሰማው ድምፅ ጥርስ ያሳክካል።

መፍትሔው «መኪናውን ማስነሳት» ነው አሉኝ። ሁሉም እንደዚያ አለ። ከፊት ሞላ ቀይር፣ ከኋላ ባሌስትራ (ተደራርቦ የታሰረውን የብረት ቅጠል) ጨምር፣ በቃ። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ሞላና ባሌስትራ የሚያነሱት የመኪናዋን አጥንት፣ ማለትም ቻሲውን፣ እና ጋቢናውን ነው። የፊቱ ዲፍረንሻል ከቻሲው ጋር ስለታሰረ አብሮ ይነሳል። የኋላው ግን ሁለቱን ጎማ በሚያገናኘው ብረት፣ በአክሰሉ ውስጥ ነው፤ አክሰሉ ደግሞ የተቀመጠው ጎማው ላይ ነው። አሥር ኢንች ብታስነሳት የኋላው ዲፍረንሻል ካለበት ንቅንቅ አይልም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው።

ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁት። የነበረው ጎማ 255/70 ባለ 15 ነው፤ ቁመቱ ወደ 74 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። የገባው 31 በ10.5 ባለ 15 ሲሆን ወደ 79 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ 5 ሳንቲ ሜትር። ዲፍረንሻሉ የሚያገኘው ግን የዚያን ግማሽ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ ከአክሰሉ በላይ ይቀራል። ያ ሁሉ ወጪ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር! ለጓደኛዬ ስነግረው ሳቀብኝ። ደንቢያ ሄዶ ጉብታው ላይ የተንጠለጠለ ሰው ግን አይስቅም። እዚያ ሁለት ጣት ማለት ብዙ ነው።

ታዲያ ለምን ቻሲውን አስነሳኋት? ለጎማው ቦታ ለመስጠት። ትልቅ ጎማ ዝም ብለህ ብታስገባ መሪ ስትጠመዝዝ ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ) ይበላዋል። 2 ኢንች (5 ሳንቲ ሜትር) በቂ ነው። ሆዷም ከድንጋይ ትንሽ ይርቃል። ከዚያ በላይ የሚያስነሳ ሰው ምክንያቱ ሌላ ነው፤ አልፈርድበትም።

ጎማዎቹን ዘመድ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አፈላልጎ ላከልኝ። አምስት ናቸው። ብዙ ሰው አራት ይገዛና መለዋወጫ ጎማውን ይረሳዋል። ከዚያ አንዱ ሲፈነዳ በአንድ አክሰል ላይ ትንሽና ትልቅ ጎማ ይዞ ይሄዳል፤ ዲፍረንሻሉም ያለማቋረጥ ሲለፋ ይውላል። ጥርሳም የሆነውን የጭቃ ጎማ አልወሰድኩም። ዋልካ ጥርሱን ወዲያው ይሞላውና ለስላሳ ያደርገዋል፤ አስፋልት ላይ ደግሞ እስከ ባሕር ዳር ሲጮህብህ ይከርማል። መካከለኛውን መረጥኩ።

መካኒኬ አውቶፓርኮ አካባቢ ነው ያለው። ትልቅ ሰው ነው፤ ብዙ አያወራም። አንዳንድ ቦታ ከሞላው አናት ላይ የብረት ቀለበት ጨምረው ያነሳሉ። ርካሽ ነው። እሱ ግን አይወደውም። ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ ከልኩ በላይ ስለሚወርድ የፊት እግር መጋጠሚያዎቹን ይጨርሳቸዋል ይላል። ከኋላም አሮጌውን ባሌስትራ በመዶሻ መትቶ ማጉበጥ አልፈለገም። «ተመልሶ ይተኛል» አለኝ። አንድ ቅጠል ጨመረበት።

ሞላውን ከአሞርዛተሩ (ከንዝረት ማብረጃው) የሚያላቅቅበት ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አስወጣ። እኔንም።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አደረግኩ?» አልኩት።

«ይሄ ብረት ታምቆ ነው ያለው። ካመለጠ የማንንም ስም አይጠይቅም» አለና በሩን ገፋ አደረገው።

ሞላ ማመቂያ አለው፤ በሁለት በኩል ይዞ ቀስ እያለ የሚያጠብቅ። በሽቦ አስረው የሚፈቱ አሉ። ያንን ሲሠሩ ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

በጣም የወደድኩት ግን ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። ሁሉም ነገር ታስሮ፣ ጎማው ገብቶ፣ እኔ ቁልፍ ይዤ ልወጣ ስል «ቆይ፣ ፍሬኑ» አለ። ተመልሶ ከሥር ገባ። የሃይሉክስ የኋላ ፍሬን ላይ አንዲት ቫልቭ አለች። ከአክሰሉ ጋር በቀጭን ዘንግ ተያይዛለች። ዕቃ ስትጭን ቻሲው ወደ አክሰሉ ይቀርባል፤ ቫልቯም «ጭነት አለ» ብላ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ኃይል ትለቃለች። ቻሲው ሲነሳ ግን ከአክሰሉ ይርቃል። ሁለት ኩንታል ጭነህ እንኳ ቫልቯ መኪናዋ ባዶ ናት ብላ ታስባለች። የኋላ ፍሬንህ ደክሞ ይቀራል፤ አንተም የምታውቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ማሰሪያውን ከፍ አድርጎ ዘንጓን ወደ ድሮ ቦታዋ መለሳት። የፍሬን ቱቦዎቹ እንዳይወጠሩም በእጁ እየጎተተ አየ። በዚህ ከተማ ስንት የተነሳ ፒክአፕ ያቺን ቫልቭ ማንም ሳያያት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ሳስበው ግን ከሳሙና በር ቁልቁል ስወርድ ከፊቴ ካለው መኪና ራቅ ብዬ ነው የምሄደው።

የቀረው የፊት እግር አላይመንት ነበር። የግድ ነው፤ ሞላ ከተነካ የጎማው አቋቋም ይዛነፋል፤ አዲስ ጎማ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል። አስተካከልን።

መንዳቱ ተለውጧል። ቆጣሪው 80 ሲል መኪናዋ 85 ገደማ ትሄዳለች፤ ጎማው በአንድ ዙር ብዙ መሬት ስለሚሸፍን። ጉልበቷም ቀንሷል። ከአዘዞ ወደ ከተማ ሽቅብ ስመጣ ድሮ በማልቀይርበት ቦታ ማርሽ እቀንሳለሁ። ኩርባ ላይ ዘንበል ትላለች፤ ስለዚህ ቀስ። ባዶዋን ስትሆን ኮብልስቶን ላይ ትዘላለች። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራብኝ ነበር፤ አፍንጫዋ ስለተነሳ መብራቴ የባጃጅ ነጂዎቹ ዓይን ውስጥ ነበር ለካ። ግድግዳ ፊት አቁሜ ዝቅ አደረግኩት።

ደንቢያስ? ጉብታው አሁንም አንዳንዴ ይነካኛል። ግን እየነካኝ አልፋለሁ። የምፈልገው እሱን ነበር።

ያላሰብኩት የኋላውን ጭነት ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ከባሌስትራው፣ 2.5 ከጎማው፤ የመጫኛዋ ወለል በ7.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። በወረቀት ላይ ምንም አይደለም። የናፍጣ ፓምፕ ተሸክመህ ስታየው ግን ሌላ ነው። ረዳቴ ለሁለት ሳምንት ምንም አላለም። ከዚያ አንድ ቀን መገጭ ዳር ወገቡን ይዞ ቆመና «ጋሼ፣ እርስዎ ይነዳሉ፤ የምጭነው እኔ ነኝ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። የሆነውን ነው የነገረኝ። እማዬም እሑድ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላደርሳት በሩን ስከፍትላት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «መሰላሉስ?» አለች። ከዚያ ባጃጅ አስጠራች።

ስለዚህ አሁን ብየዳ ቤት ነው የምመላለሰው። ለጎን በር መረገጫ፣ ለኋላ ደግሞ ፓምፑን እየጎተቱ የሚያወጡበት የሚታጠፍ ብረት መወጣጫ እያሠራሁ ነው። ከባድ ስለሆነ እሱም ራሱ ጭነት ነው፤ ያነሳነውን ጥቂቱን መልሶ ያስተኛዋል። መካኒኩ ሲሰማ ሳቀ። የባሌስትራውን ማሰሪያ ብሎኖችም ደግሞ እንዲያጠብቅልኝ ቀጥሮኛል፤ አዲስ ባሌስትራ ጥቂት ከሄደ በኋላ ይረግብና ይላላል።

ያ የሳቀብኝ ጓደኛዬ አሁን የራሱን ፒክአፕ ሊያስነሳ ነው። 4 ኢንች። ከዚያ በታች አልሰማም ብሏል። ሥራው ሱቅ ነው፤ ከአራዳ አይወጣም። «ቅዳሜ ከእኔ ጋር ደንቢያ ሂድና ሁለት ፓምፕ ጭነህ አውርድ፣ ከዚያ እናወራለን» አልኩት። ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ አለ።