ዓርብ፣ 16፡30፣ 39 ከ40

አንድ የአሜሪካ ጦር የማጓጓዣ ሻምበል፣ ማለትም በአንድ አዛዥ ሥር ያለ የመቶ ያህል ሰው ክፍል፣ ዓርብ ዕለት ከተኩስ ሜዳ ወደ ሰፈሩ የተመለሰው 14፡40 ላይ ነበር። ሰዓቱን በወታደር አቆጣጠር እንያዘው፤ 16፡30 ሲባል በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። 104 ሰው፣ 96 ኤም 4 ጠመንጃ። መሣሪያ የተረከቡት ንጋት 04፡30 ላይ ስለሆነ አብዛኞቹ ከአልጋ የወረዱት ከ03፡30 በፊት ነው። መርሐ ግብሩ የመጨረሻውን ሰልፍ 16፡30 ይላል። የተበተኑት ግን 19፡25 ላይ ነው።

ሥራው መጀመሪያ የታነቀው የመሣሪያ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው። መስኮቱ አንድ፣ ተረካቢውም አንድ ሰው። ወታደሩ ጠመንጃውን ፈቶ ያጸዳል፣ ይሰለፋል፣ ተረካቢው ያያል፣ መለያ ቁጥሩን ከካርዱ ጋር ያመሳክራል፣ ካርዱን ይመልስለታል፣ ጠመንጃውን መደርደሪያው ላይ ያቆማል። ካርዱ ዲኤ ፎርም 3749 የሚባለው ነው፤ ጠመንጃው ሲወጣ መስኮቱ ላይ የሚቀር፣ ሲገባ ወደ ባለቤቱ ኪስ የሚመለስ። ይህ ሁሉ ሳይቸኩሉ ሲሠሩት ለአንድ ጠመንጃ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። 96 ጠመንጃ በአንድ ደቂቃ ተኩል ሲባዛ 144 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ጠመንጃ መስኮቱ ላይ የደረሰው 15፡20 ላይ ስለነበር፣ ምንም እክል ባይገጥም እንኳ የመጨረሻው 17፡44 ላይ ይገባል ማለት ነው። 16፡30 ብሎ የጻፈው ሰው ይህን ማባዛት አልሠራም።

እክሉ ደግሞ አልቀረም። ተረካቢው የጥጥ እንጨት የቦልቱ ጥርሶች በሚገቡበት ጎድጓዳ ውስጥ እያስገባ ጥቁር ከወጣ ወታደሩን ይመልሰዋል፤ የተመለሰውም እንደገና ከሰልፉ ጭራ ይጀምራል። መመሪያው የሚጠይቀው የባሩዱ ጥላሸት እንዲነሣ፣ ዝገት እንዳይኖርና ቀለል ያለ ዘይት እንዲቀባ ነው። በነጭ ጓንት የሚፈተን ጠመንጃ መመሪያው ውስጥ የለም። በሽቦ ብሩሽና በኃይለኛ ኬሚካል ያለ ልክ መፈግፈግ እንዲያውም የብረቱን መከላከያ ሽፋን ያነሣዋል። የጓድ መሪው፣ ማለትም የወታደሩ የቅርብ አለቃ፣ አይቶ «ይበቃል» ያለውን መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው በሌላ ሚዛን ሲመልሰው፣ ወታደሩ የትኛውን አለቃ እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል።

16፡30 ላይ ጠመንጃ ያስገቡትም ያላስገቡትም ተሰለፉ። «መሣሪያ ክፍሉ ገና አልተዘጋም፤ ጠብቁ» ተባለ። 16፡55 ላይ ተረካቢው ወጥቶ ለፈርስት ሰርጀንቱ፣ ለሻምበሉ ዋና ሰርጀንት፣ በጆሮው ነገረው፦ በጨለማ የሚያሳየው የሌሊት መነጽር 39 ከ40።

ፒቪኤስ-14 የሚባለው ይህ መነጽር በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ቢሆንም ከጠመንጃ እኩል ጥብቅ ቁጥጥር ካለባቸው ንብረቶች ውስጥ ነው። ጎደለ ሲባል የሻምበሉ አዛዥ ለበላይ ያሳውቃል፣ ፍለጋ ይጀመራል፣ ማንም ንቅንቅ አይልም። ይህ ትክክል ነው። የሚያከራክረው ማን ይቆይ፣ ምን ይጠየቅ፣ በምን ቅደም ተከተል ይፈለግ የሚለው ነው። 17፡00 ላይ ባንዲራው ሲወርድ መድፉ ተተኮሰ፣ ጥሩምባው ተነፋ፤ 104ቱም ወደ ባንዲራው ዞረው ሰላምታ ሰጡ። ዜማው ሲያልቅ በመንገዱ ላይ ቆመው የነበሩት የሌሎች ክፍሎች መኪኖች ወደ ሰፈሩ በር ጉዟቸውን ቀጠሉ። እነሱ ግን እዚያው ቀሩ።

ኮንቴይነሮቹ ተፈተሹ፣ የጭነት መኪኖቹ ከመቀመጫ ሥር ሳይቀር ተበረበሩ። ሁለት መኪናም ወደ ተኩስ ሜዳው ተላከ፤ መንገዱ በአንድ ወገን 40 ደቂቃ ነው፣ ሾፌሮቹም ከንጋት በፊት ጀምሮ ያልተኙ። ተኩሱ የቀን ተኩስ ነበር፤ መነጽሮቹ ከመሣሪያ ክፍሉ አልወጡም። መኪና ከመላኩ በፊት «ይህ 40ኛው መነጽር ለመጨረሻ ጊዜ በዓይን የታየው መቼ ነው? ያየውስ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

መልሱ ይኸው ነው። መነጽሩ ሐሙስ 11፡00 ላይ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ክፍል ገብቷል። የወሰደው የአንዱ መቶ (ሻምበሉ የሚከፈልበት ንዑስ ክፍል) ሰርጀንት የጥገና መጠየቂያውን ቅጂ የራሱ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠው። ሐሙስ ማታ የቆጠረው ተረካቢ መነጽሩ መሄዱን በወሬ ስለሚያውቅ 40 ብሎ ፈረመ፤ በእጁ የነበረው 39 ነው። ዓርብ የቆጠረው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ያየውን ቆጠረ። ወረቀቱን የያዘው ሰርጀንት ደግሞ ዓርብ ጠዋት ዕረፍት ወጥቶ አውሮፕላን ላይ ነው። ጥገና ክፍሉ ቢደወልለት በሁለት ደቂቃ ይመልስ ነበር፤ ነገር ግን ሲቪል ሠራተኞቹ 16፡30 ላይ ዘግተው ሄደዋል። ሰርጀንቱ 19፡10 ላይ አርፎ ስልኩን ሲከፍት ነገሩ አለቀ።

የ13፡00 ቆጠራ ቢኖር ኖሮ ይህ ጉድለት በአንድ ስልክ ይዘጋ ነበር። በተኩስ ቀን ክፍሉ ከንጋት ጀምሮ ክፍት ስለሆነ ቆጠራው ለማታ ይተው የሚል ልማድ አለ። ማታ የተገኘ ጉድለት ግን መልስ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ የተገኘ ጉድለት ነው።

ሲቪሎቹ በሰዓታቸው የሚሄዱበትን ምክንያት ማሰብ ይጠቅማል። እነሱን ለማስመሸት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ትርፍ ሰዓቱም በገንዘብ ወይም በዕረፍት ይከፈላል፤ ስለዚህ አለቃቸው ከማስመሸቱ በፊት ያስባል። የመደበኛው ጦር ወታደር በወር ደመወዝ የሚኖር ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሕጉ እሱን አይመለከተውም። ስምንት ሰዓት ቢሠራም አሥራ አምስት ሰዓት ቢሠራም በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን የሚገባለት ያው ነው። ስለዚህ ሰዓቱ የትም ሒሳብ ላይ አይታይም። ያን ዓርብ ብናሰላው ግን 104 ሰው በ175 ደቂቃ 303 ሰዓት ይሆናል። አንድ አለቃ 303 ሰዓት የሚያስወጣ የነዳጅ ወይም የመለዋወጫ ጥያቄ ቢያቀርብ ስንት ፊርማ ይጠየቅ ነበር!

በዚያ ሰልፍ ውስጥ የሦስት ዓመት ልጁ የሕፃናት መዋያ ያለች አንድ ሐበሻ ወታደር ነበር። በዚህ ጦር ውስጥ የእኛ ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀምሮ በ2016 በቆመው፣ ተፈላጊ ቋንቋ ወይም ሙያ ያላቸውን የውጭ ዜጎች ወደ ጦሩ ያስገባ በነበረው ማቭኒ በተባለ ፕሮግራም አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ስለነበር በዚያ የገቡም አሉ። የሰፈሩ መዋያ 18፡00 ላይ ይዘጋል፤ ካለፈ ቅጣቱ ይቆጠራል፣ መውሰጃ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ለሌለ ሰውም ልጅ አይሰጡም። ሚስቱ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፤ ሥራ ገብታለች። እሱ ጠመንጃውን 15፡50 ላይ አስረክቦ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው። 17፡20 ላይ ስልኩን አየ፣ 17፡30 ላይ አየ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ሰው ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ «ጉዳይ አለኝ» ለማለት ይከብደዋል። አለቃው ዝምታውን ችግር እንደሌለበት ምልክት አድርጎ ወሰደው። የጓድ መሪው አስተውሎ «ምን ሆነሃል?» ሲለው 17፡50 ሆኗል። ቦርሳው ተፈትሾ ተለቀቀ፤ መዋያው በር ላይ የደረሰው 18፡17 ላይ ነው። ልጅቷ ጃኬቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ፣ ከአንዲት ሠራተኛ ጋር በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር።

ልጅ ላላቸው ብቸኛ ወላጆችና ሁለቱም ወታደር ለሆኑ ባልና ሚስት ጦሩ የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ፣ ማለትም ዲኤ ፎርም 5305 ያስሞላል። ያ ዕቅድ ለዘመቻና ለድንገተኛ ጥሪ የተዘጋጀ ነው፤ ማባዛት ላልሠራ አለቃ ዓርብ ማታ መሸፈኛ አይደለም። ይህ ወታደር ደግሞ ሚስቱ ሲቪል ስለሆነች ቅጹን የመሙላት ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ የሻምበሉ ማንኛውም ወረቀት ላይ ችግሩ አይታይም። የሚያውቀው የጓድ መሪው ብቻ ነው፤ እሱም ከጠየቀ።

ጉድለት ሲገኝ ሁሉን ሰው ማስቀመጥ ቀላሉ ውሳኔ ነው፤ አዛዡን ማንም «ለምን ለቀቅህ?» አይለውም። የተሻለው ቅደም ተከተል ግን የታወቀ ነው። መጀመሪያ የመለያ ቁጥሩ ይታወቅ፤ የትኛው ቁጥር እንደጎደለ ሳይታወቅ «አንድ መነጽር» መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ቀጥሎ መዝገቡ ላይ መጨረሻ የፈረመው ማን እንደሆነ ይታይ። ከዚያ የዚያ መቶ ሰዎች፣ ተረካቢውና የንብረት ሰርጀንቱ ይቆዩ፤ የቀሩት ቦርሳቸውና መኪናቸው ተፈትሾ፣ ስልካቸው ክፍት እንዲሆን ተነግሯቸው ይሂዱ። በዚያ ዓርብ ይህ ቢደረግ የሚቆዩት ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ።

ሌላው ስንፍና ሰኞ የጀመረ ነው። የጦሩ የአመራር መመሪያ የአንድ ሦስተኛ ደንብ አለው፤ አለቃ ካለው ጊዜ አንድ ሦስተኛውን ለራሱ ዕቅድ ይወስዳል፣ ሁለት ሦስተኛውን ለበታቾቹ ይተዋል። የተኩሱ ትእዛዝ ከሻለቃው፣ ከሻምበሉ በላይ ካለው ክፍል፣ ሰኞ ጠዋት ወርዷል። ሻምበሉ ይዞት ቆይቶ ለመቶዎቹ ያስተላለፈው ሐሙስ 15፡00 ላይ ነው። የጓድ መሪዎቹ ማን ልጅ እንደሚያነሣ፣ ማን የማታ ትምህርት እንዳለው፣ ማን ሐኪም ቀጠሮ እንዳለው ጠይቀው ሰው ለመተካት አንድ ማታ ብቻ ቀራቸው። ደንቡ የጦር ሜዳ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ በየቀኑ የሚጣሰው ግን ሰፈር ውስጥ ነው።

ከላይ የመጣ ትእዛዝም ብዙ ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በቴክሳሱ የፎርት ሁድ ጦር ሰፈር የሦስተኛው ኮር አዛዥ የነበሩት ሌተና ጄኔራል ሪክ ሊንች ወታደር 18፡00 ላይ ቤቱ ለእራት እንዲደርስ፣ ሐሙስ 15፡00 ላይ እንዲለቀቅ፣ ቅዳሜና እሁድም ያለ እሳቸው ፈቃድ እንዳይሠራ አዘዋል። ዋናው ነገር የመጨረሻው ነው፦ የወታደሩን ዕረፍት ለመንካት ፊርማ አስፈለገ።

ያ ሻምበል ለቀጣዩ ተኩስ ያደረገው ማስተካከያ ሁለት ገጽ አይሞላም። ከተኩስ ሜዳው የሚመለሱት በየመቶው ተከፍለው ሆነ፤ የመጀመሪያው መቶ ተኩሶ እንደጨረሰ ይመለሳል፣ ሌሎቹን አይጠብቅም። መስኮቱ ፊት ጠረጴዛ ተቀመጠ፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰርጀንት ንጽሕናውን ብቻ ያያል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ቁጥርና ካርድ ብቻ። ሥራው ለሁለት ሲከፈል አንድ ጠመንጃ በ45 ሴኮንድ ይገባል፤ 96ቱ በ72 ደቂቃ። የጠረጴዛው ሰርጀንት የሚጠይቀውን ደግሞ ጠዋት ለጓድ መሪዎቹ አንድ የጸዳ ጠመንጃ ፈቶ አሳይቷል፤ መመለስ የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል ቀረ። በመደርደሪያው ላይ ባዶ ቦታ ተከለከለ፦ ወይ ዕቃው፣ ወይ ካርዱ፣ ወይ የጥገና ወረቀቱ ዋና ቅጂ እዚያው ቦታ ላይ ይንጠለጠላል። ቆጣሪ በዓይኑ ያላየውን ወይም ወረቀቱን በእጁ ያልነካውን አይፈርምም።

13፡00 ላይ ቆጠራ። 15፡00 ላይ ፈርስት ሰርጀንቱ ወደ ሻለቃው ደውሎ «ከእኛ ዛሬ የምትፈልጉት አለ?» ይላል፤ ቀድሞ ይህ ጥያቄ የሚነሣው ሰልፉ ቆሞ ሳለ ነበር። የሚነገር ነገር ከሌለ ጠቅላላ ሰልፍ የለም፤ እያንዳንዱ የመቶ ሰርጀንት ሥራውን የጨረሰውን ይለቃል። ማምሸት የግድ ሲሆን ደግሞ እስከ 14፡00 ይነገራል፤ ምክንያቱ፣ የሚያበቃበት ሰዓት፣ ማን እንደሚመለከተው። የጓድ መሪዎችም በኪሳቸው ማስታወሻ ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ መስመር ጨመሩ፦ ከ17፡30 በኋላ ቢቆይ የሚታጎልበት ነገር ምንድን ነው፣ የሚደወለውስ ለማን ነው። የዚያ ወታደር መስመር ላይ «መዋያ፣ 18፡00» ይላል፤ መዋያው የመውሰጃ ዝርዝር ላይም በወላጆቹ ጥያቄ የአንዲት ጎረቤታቸው ስም ገብቷል።