ናሽናልስ ሶቶን ሲለውጥ አተረፈ፣ ገበያው ላይ ግን ተኛ

ኦክቶበር አልፎ የቤዝቦል ተጫዋቾች ገበያ በተከፈተ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ዶላሩ ብዛት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ተጫዋቹ በክለቡ እጅ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ነው። በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሆናችሁ የዋሽንግተኑን የቤዝቦል ክለብ ናሽናልስን የምትከታተሉ፣ የዚህ ክለብ ነገር የሚያንገበግበውም እዚሁ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሲዝን 172 ቀን በሜጀር ሊግ የተመዘገበ ተጫዋች አንድ የአገልግሎት ዓመት ይያዝለታል። ስድስት ዓመት ሲሞላው ፍሪ ኤጀንት ይሆንና ከፈለገው ጋር ይፈርማል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ የሚያገኘው ለዝቅተኛው ደመወዝ የቀረበ ነው፤ በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር። በቀሩት ሦስት ዓመታት ከክለቡ ጋር ካልተስማማ ደመወዙን ገላጋይ ዳኞች ይወስናሉ። ጎበዝ ወጣት የያዘ ክለብ እንግዲህ ገበያ ላይ በአስር ሚሊዮኖች የሚገዛውን ጨዋታ በርካሽ ያገኛል ማለት ነው።

የናሽናልስ ኮከብ መቺ የነበረው ሁዋን ሶቶ በ2022 የቀረበለትን የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም ሲል፣ ናሽናልስ እጅ የሚቆየው ለሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ነበር። ኦገስት ላይ ከጆሽ ቤል ጋር ወደ ሳንዲያጎ ፓድሬስ ተላከ። በለውጡ ሲጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሃሰል፣ ጃርሊን ሱሳናና ሉክ ቮይት መጡ። ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ኦል ስታር (ለዓመቱ የምርጦች ጨዋታ የተመረጡ) ሆኑ። ኤብራምስ እስከ 2028፣ ዉድ እስከ 2030 የክለቡ ናቸው። ፓድሬስ ግን ሶቶን በ2023 መጨረሻ ለያንኪስ አሳልፎ ሰጠ፤ ያንኪስም አንድ ሲዝን ካጫወተው በኋላ ሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ከዚያ ልውውጥ ዋሽንግተን ያገኘውን ያህል ያገኘ ክለብ ብዙ የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ናሽናልስ በ2025 66 ጨዋታ አሸንፎ 96 ተሸነፈ። ጥፋቱን የማየው በ2024 መጨረሻ በነበረው ገበያ ላይ ነው። ሦስቱ ወጣቶች ገና ርካሽ በነበሩበት በዚያ ወቅት ክለቡ ጆሽ ቤልን ለአንድ ዓመት በ6 ሚሊዮን፣ ማይክል ሶሮካን ለአንድ ዓመት በ9 ሚሊዮን፣ ትሬቨር ዊሊያምስን ለሁለት ዓመት በ14 ሚሊዮን አስፈረመ። ናትናኤል ሎውን ከሬንጀርስ በለውጥ አመጣው፤ ሲዝኑ ሳያልቅም አሰናበተው። የሚያስቆጨኝ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ኒክ ፒቬታ ነው። በ2013 በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) የመረጠው ራሱ ናሽናልስ ነበር። ፓድሬስ በአራት ዓመት 55 ሚሊዮን አስፈርሞት በ2025 13 አሸንፎ 5 ብቻ ተሸነፈ፤ ኢአርኤው፣ ማለትም በዘጠኝ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ) በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ፣ 2.87 ነበር። ፒቬታን መውሰድ የድራፍት ምርጫ ያስከፍል ነበር፣ ግን ዋጋው ይገባው ነበር።

ገንዘብ የለም የሚለው አያሳምነኝም። የ2025 የቅንጦት ታክስ መስመር (የክለቡ ጠቅላላ ደመወዝ ካለፈው ታክስ የሚያስከፍለው ጣሪያ) 241 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መስመሩን ደጋግሞ ያለፈና መጨረሻው እርከን ላይ የደረሰ ክለብ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዶላር 1.10 ዶላር ታክስ ይከፍላል። ናሽናልስ ከመስመሩ በጣም ዝቅ ብሎ ስለነበር ለፒቬታ የሚከፍለው ደመወዙን ብቻ ነበር። የፒቸሩ ስቲቨን ስትራስበርግ የሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ውል ጠባሳ እንደተወ አውቃለሁ፤ ከፈረመ በኋላ የወረወረው 31 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ነው። ያ የጉዳት መርዶ ግን ለአራት ዓመት 55 ሚሊዮን እምቢ ለማለት ምክንያት አይሆንም።

ጃንዋሪ 2026 ላይ አዲሱ ኃላፊ ፖል ቶቦኒ ጎርን ለሬንጀርስ ሰጥቶ አምስት ወጣቶች ተቀበለ፤ ከነሱ አንዱ ጋቪን ፊን በ2025 ድራፍት የሬንጀርስ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነው። ጎር ሁለት ሲዝን ብቻ ስለቀረውና ቡድኑ በነዚያ ዓመታት ለዋንጫ ስለማይደርስ ውሳኔው ልክ ነው። ኤብራምስ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ሲቆጠር ሦስት ሲዝን ቀርቶታል። ከጎኑ እውነተኛ ፒቸርና መቺ የማያስፈርሙ ከሆነ፣ ገዢው ሦስት ኦክቶበር (የዋንጫ ፍልሚያ ወቅት) ስለሚያገኝበት ከፍተኛውን ዋጋ የሚያወጣው እስከ 2026 የተጫዋቾች ልውውጥ ማብቂያ ቀን ነው።